ጭራ ሳቢው

ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም

ድምፄ ተዘግቷል። ከቡሬው ሰርግ የገባነው ዛሬ ረፋድ ላይ ነው። ይኸን የምጽፈው እግሬን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ ነው። ስመኘው ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ተጋድሞ ያንኮራፋል። ሲያንኮራፋም ቅኝቱን አይስትም እያልኩ ሁልጊዜ እስቅበታለሁ። ባሌ ነው፤ ማሲንቆው እሱ፣ አፉ እኔ። በሰው ፊት ከደጋኑ በቀር የሚናገርበት ነገር የለውም። ከተጋባን ጀምሮ አንድ ግጥም እንኳ በአደባባይ ሲያወጣ ሰምቼው አላውቅም።

ሰርጉ ደግ ሰርግ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አለ፣ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ማታ ጉሮሮዬን ላርስ ብዬ ከድንኳኑ ጀርባ ብወጣ፣ ወጥ የምታማስል ሴትዮ አገኘሁ። "አይ እታለም፣ ዛሬስ ጠገብን" አለችኝ። "መንገዱን ዛሬ እነዚህ ይዘጉታል፣ ነገ እነዚያ ይዘጉታል። ገበያ ከወጣሁ ቆየሁ። ቤት ያሉት ልጆች ይኸን ወጥ ባዩት ኖሮ።" ይኸን ብላ አፈረች መሰለኝ፣ ፊቷን ወደ ድስቱ መለሰች። ተመልሼ ስገባ ማሲንቆው እየጠበቀኝ ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝ ይኸ ነው፦

አንዱ ቀንዱን ስቦ፣ አንዱ ጭራ ስቦ፣
ቡሬ ከመሀል ነው የሚሞተው ተርቦ።

ቡሬ አገሩም ነው፣ ዝንጉርጉሩ በሬም ነው። ይኸ ቅኔ አይባልም፣ የልጅ እንቆቅልሽ ነው። አባቴ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ቢሰሙት "ሰሙ የሳሳ" ይሉኝ ነበር።

ድንኳኑ ፈነዳ። እልል ያለ አለ፣ ያለቀሰ አለ፣ ስልኩን ያነሳ ደግሞ ብዙ ነው። ስመኘው ደጋኑን አቁሞ አየኝ። ወዲያው የሙሽራ ዜማ ውስጥ ገባና ይዞኝ ሄደ።

መኪና ውስጥ "ምን ነካሽ?" አለኝ።

"ወጥ" አልኩት።


ጥር 29

ጎረቤቴ ሀብትነሽ ፀጉር ቤቷን ጥላ እየሮጠች መጣች። "አዝማሪዋ ሥርጉት" ተብዬ ቲክቶክ ላይ ወጥቻለሁ። መቼም መልኬ ክፉ አይደለም፣ ነጠላዬ ግን ተጣሞ ነበር።

ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩ። ግማሹ "ጭራ ያለችው እኛን ነው" ይላል። ወረድ ስል ሌላው ግማሽም "ጭራ ያለችው እኛን ነው" ይላል። ጫካውም ከተማውም እኩል ተቆጥቷል። ቀንዱ እኔ ነኝ ያለ የለም። ስለተራበው ቡሬ የጻፈ አንድም አላገኘሁም፤ እስከ ታች ድረስ ፈለግሁ።

"ለመሆኑ ግን" አለች ሀብትነሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጭራው ማነው?"

"አንችም?" አልኳት። ተኮሳትራ ሄደች። ማታ ሎሚ ላከችልኝ፣ ለጉሮሮሽ ብላ።


የካቲት 1

ስልክ። እንደገና ስልክ። አፍሽን እንሰፋዋለን። ሆዳም። የተገዛች። አንዱ "እታለም፣ እንደምን ዋልሽ" ብሎ ጀምሮ ነው የሰደበኝ፤ የጨዋ ልጅ ነው። ስመኘው ስልኬን ወሰደው። ባትሪው ታሟል፣ ላሠራው አለ። ባትሪው ምንም አልሆነም።


የካቲት 4፣ ነነዌ

ለጥሎሽና ለሰርግ ይዘውን የነበሩ ሁለት ቤቶች ቀሩ። "ዲጄ ይዘናል" አሉ፣ በትሕትና። ዲጄ ሰው ሲያሞግስ፣ የሙሽራዋን እናት በስሟ ሲጠራ አይቼ አላውቅም። ይሁን።

ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ከጀርባዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። "በአዝማሪ አፍ አገር ይታመስ?" ትላለች አንዷ። ሌላዋ፣ "ኧረ ተያት። ቤቷ ልጅ የለ፣ ምን ያስፈራታል።" ዞሬ ልመልስ ነበር። እህሌን ሳላስፈጭ ወጣሁ፤ ቤት ስደርስ ትዝ አለኝና ተመልሼ ሄድኩ። እንዲህ ያለች ጀግና ነኝ።

ልጅ የለኝም ማን አላት? ያምሮት አለችልኝ። ክርስትና ያነሳኋት ልጄ ናት። ከማንኩሳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የአባቷ የአቶ አንዷለም ቤት። ሕፃን ሆና ከካህኑ እጅ ስቀበላት "በሰርግሽ የምዘፍነው እኔ ነኝ" ብዬ በጆሮዋ ነግሬያታለሁ። ሰርጓ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። ሌላው ሁሉ ዲጄ ይያዝ። የያምሮትን ግን እንዳይነኩብኝ። በልጄ ሰርግ አፌን ዘግቼ ጥግ ከምቀመጥ ቢቀብሩኝ ይሻለኛል።


የካቲት 9

ጠዋት ሦስት ሽማግሎች መጡ። ከወዲህ ነው የመጡት ልበል፤ ከወዴት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ወንበሩ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። "ልጃችን ነሽ፣ ክፉሽን አንወድም። ጭራ ያልኩት እነዚያን ነው ብለሽ በስልክ ተቀረጪና ነገሩ ይብረድ" አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሌሎች መጡ፣ ከወዲያ። ያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያንኑ አሉ። ቃላቸው ሳይቀር አንድ ነው፤ "እነዚያን" የሚሉት ብቻ ይለያያል።

ለሁለቱም የመለስኩት አንድ ነው። "ቡሬ ተርቧል ነው ያልኩት። ምነው ስለ ቡሬ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ?" አልኳቸው። ጠላ ቀዳሁላቸው፣ አልጠጡም። ከጠዋቶቹ አንዱ፣ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ፣ ሲነሡ እንዲህ አሉኝ፦ "እኛ እንታገሳለን ልጄ። ልጆቹ ግን ትዕግሥት የላቸውም።"

ስመኘው ሁለቱንም ጊዜ እስከ በር ሸኛቸው። ሁለቱንም ጊዜ ቆሞ ብዙ አወራ። እሱ ከሰው ጋር ያን ያህል ሲያወራ ማየት ብርቅ ነው።

"ስለ ምን ነው ያወራችሁት?"

"ስለ ዝናብ።"

በየካቲት! ተናደድኩ። እኔ ስንገላታ እሱ ስለ ዝናብ። "ድሮስ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም!" ብዬ ጮህኩበት። ፈገግ አለ። ያልተጠጣውን ጠላ ወደ እንስራው መለሰና ብርጭቆዎቹን አጠበ።


የካቲት 16፣ ቅበላ

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዛሬ ከየቱ ቤት ገብተን ከየቱ እንደምንወጣ አናውቅም ነበር። ዘንድሮ በር ያንኳኳ ሰው የለም። ከታች ሰፈር ዲጄው ይጮኻል። ስመኘው ሥጋ ጠበሰ፤ አሳረረው። ከበላን በኋላ ማሲንቆውን አወረደና ለብቻችን መታልኝ፣ ቀስ ብሎ፣ እኔ የምወደውን። ዝፈኝ ሳይለኝ ጠበቀኝ። አልዘፈንኩም። ግጥሙ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ለምን ለእሱ እንኳ እንደከለከልኩት አላውቅም። አሁን ተኝቷል፤ ልቀስቅሰውና ልዝፈንለት እያልኩ ነው። የሞኝ ሐሳብ ነው።


የካቲት 19

ሁዳዴ ገባ። ማሲንቆው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ዘንድሮ ጾሙን ወደድኩት። ጾም ሲሆን ማንም አዝማሪ አይጠራም፤ እንግዲህ ማን ለጾሙ፣ ማን ለኔ ብሎ እንደቀረ አይታወቅም።


መጋቢት 3

መንገድ ተዘግቷል። ሱቅ ዝግ፣ ፀጉር ቤቱ ዝግ። ባጃጅ የለ፣ ጋሪ የለ። አስፋልቱ መሀል ውሻ ተኝቷል።

ስመኘው በጠዋት ወጣ። ማሲንቆውን ከነጨርቁ አንግቶ። ጭራው ሳስቷል፣ ከባለጋሪዎቹ የፈረስ ጭራ ልፈልግ አለ። በጾም? ማንም ሳይጠራን? ዛሬ?

አልመጣም።

ሽሮ ሠራሁ፣ ቀዘቀዘ። አሞቅኩት።

መጣ። ግራ እጁ በመሀረብ ተጠቅልሏል። ከባጃጅ ወደቅሁ አለ። ሌባ ጣቱ አብጦ ጠቁሯል። ጭራም አላመጣም።


መጋቢት 5

ስቆጣው ዋልኩ። የትልቅ ሰው ልጅ ነህ፣ ምን ያስቸኩልሃል፣ ባጃጅ እንደ ሰው ተይዞ አይወረድም ወይ፣ ማሲንቆ የሚመታ ሰው ጣቱን እንደ ዓይኑ አይጠብቅም ወይ። "ልክ ነሽ" ይላል። ልክ ነሽ ሲለኝ ይብስብኛል።

ወጌሻ ዘንድ ወሰድኩት። ወጌሻው ጣቱን ይዞ ቆየና "ባጃጁ ጣት መርጦ ነው እንዴ የመታህ?" አለው። ስመኘው ሳቀ። እኔ እሳት ላይ የጣድኩት ምስር ትዝ አለኝና ሮጬ ወደ ቤት ሄድኩ። ምስሩ አላረረም።

ባትሪው ታሟል ብሎ የወሰደውን ስልኬን ዛሬ ጠዋት መለሰልኝ። እስከ ማታ ድረስ ማንም ደውሎ አልሰደበኝም። ሰዉ ሰለቸው መሰለኝ።


መጋቢት 14፣ ደብረ ዘይት

አባቴ ዘንድ ደርሼ መጣሁ። መንገዱ ከተከፈተ ጀምሮ ሳስብበት ነበር። አባቴ አዝማሪ ካገባሁ፣ አዝማሪም ከሆንኩ ወዲህ ቤቴ ገብተው አያውቁም። ተጣልተን አይደለም። "ዘፈንሽን አልሰማም፤ እናቴን ትመስያለሽና አልጠላሽም" ነው ያሉኝ ያኔ። እኔ ነኝ የምሄደው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ካለችው ጎጇቸው። ተማሪዎቻቸው ዛፍ ሥር ተበታትነው ቅኔ ይቆጥራሉ። ልጅ ሆኜ እንዲህ ሲቆጥሩ ከአጥር ኋላ ተደብቄ እሰማ ነበር። ያን ጊዜ በሰማሁት ነው ዛሬ በየሰርጉ እንጀራ የምበላው። አባቴ ይኸን ያውቃሉ። ተናግረውት ግን አያውቁም።

"አባቴ፣ ስለ በሬ ብቻ ነው ያልኩት ብዬ ልካደው ወይ?" አልኳቸው።

"እስቲ በይው።"

በአባቴ ፊት ዘፈን! ለዚያውም በዐቢይ ጾም። አንገቴን ደፍቼ፣ ያለ ዜማ፣ ንባቡን ብቻ አልኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

"ሰሙ የሳሳ ነው" አሉ። እንዳልኩት!

"አውቃለሁ፣ አባቴ።"

"ስለ እነሱ ነው ያልሽው?"

"አዎን። ስለ ሁለቱም።"

"እንግዲያው አትካጅ። የራስን ቅኔ መካድ ለጀማሪ ተማሪም አይሆን። ግን ልንገርሽ፤ አንች ሰሙን ሰጠሽ። ወርቁን እያንዳንዱ ከገዛ ቤቱ ቆፍሮ አወጣ። ራሱን ከጭራው በኩል ያገኘ ሰው፣ እንግዲህ ምን ታደርጊለታለሽ?" መቋሚያቸውን አነሡና "ባልሽ ያወጣው ወርቅ ግን ከአንችው ይበልጣል። ቅኔ ቤት ቢገባ ሰው ይወጣው ነበር" አሉ።

"የምን ወርቅ?"

"ጾም ነው፣ ብዙ አናውራ።"

ስነሣ ቆሎ ቋጠሩልኝ። እስከ ቅጥሩ በር ሸኙኝና ከመረቁኝ በኋላ "ጣቱን እንዴት አደረገው?" አሉ። ደህና ነው አልኩና መጣሁ።

ስለ ጣቱ መቼ እንደነገርኳቸው አላስታውስም። ነግሬያቸው ይሆናል።


መጋቢት 26

አቶ አንዷለም መጣ። ልጁን ክርስትና ስላነሳሁለት አበልጅ እንባባላለን። ደግ ሰው ነው፣ ደግነቱ ግን ፍርሃት ይበዛበታል። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ሲያዞር ሲያዞር ቆየ።

"አበልጄ፣ የሰርጉ ነገር..."

"ዲጄ ያዝክ?"

"ኧረ በእመቤቴ! ያምሮት የክርስትና እናቴ ካልዘፈነች ከጓዳ አልወጣም ብላለች። ደግሞ ከሁለቱም ወገን ያሉት ሽማግሎች ነገሩ በርዷል ብለዋል። በሰርጉም ይገኛሉ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት። ያች ግጥም ከሥርጉት አፍ ዳግም እንዳትወጣ።"

"ማን ነው የገላገለኝ? እኔ ከማን ጋር ተጣላሁና ነው?"

ስመኘውን አየው። ስመኘው በሩን አየ። "ባልሽን ጠይቂው" አለኝ አንዷለም። አልጠየቅኩም። ምስር ማበጠር ጀመርኩ። በዚህ ጾም ያበጠርኩት ምስር ለአገር ይበቃል።

ቃል ሰጠሁ። ያች ግጥም ከአፌ አትወጣም ብዬ። ስለ ያምሮት ነው። አልካድኳትም፣ ዝም አልኩ እንጂ። መካድና ዝም ማለት አንድ አይደለም። አይደለም መሰለኝ። ያችን የቡሬዋን ሴትዮ ግን ፊቷን ወደ ድስቱ መልሳ በሐሳቤ አየኋት። ልጆቿ ምን በልተው ይሆን? የኔ ቃል ቀርቶባቸው የሚጎድልባቸው እንጀራ የለም፤ ያኔም በኔ ግጥም የጠገበ የለም። እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። አልጽናናም።


ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ቤተ ክርስቲያን ውዬ መጣሁ። ጉልበቴ አልታጠፍ ብሏል። በወንዶቹ በኩል ስመኘውን አየሁት። ግራ እጁን ደረቱ ላይ አጣብቆ በቀኙ ብቻ እየተደገፈ ይሰግዳል። ይወድቃል፣ ይነሣል። አለቀስኩ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ስለ ጌታ ሕማም መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ። ጌታ ይቅር ይበለኝ።


ሚያዝያ 16

ማሲንቆው ከግድግዳው ወረደ። ጣቱ አይታጠፍም። በሌሎቹ ጣቶች ሊተካት ይሞክራል፤ ይስታል፤ ከአናቱ ይጀምራል። ከጓሮ ሆኖ ነው፣ እንዳልሰማ ብሎ። ጓሮውን ከቤቱ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው እኮ! ማታ ማታ ጣቱን በቅቤ አሽለታለሁ። አንድ ቀን "ያምሃል?" አልኩት። "አንች ስትይዢው አያመኝም" አለ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ፤ ዝግ ነበር።


ሚያዝያ 20

ትናንት ያምሮትን ዳርኩ። ዛሬ ድምፄ ተዘግቷል፣ እግሬም ውኃ ውስጥ ነው። ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ዳሱ ሰፊ ነበር፣ ሰዉም ሙሉ። ሽማግሎቹ በቀኝና በግራ ተቀምጠዋል፤ ወንበሬ ላይ የተቀመጡትን ሁሉ በመልካቸው ለየኋቸው። ከመጀመራችን በፊት አንዷለም ወደ ጓዳ ጠራኝ። ልጁን ሊድር ስለሆነ ሆዱ ባብቶ ነበር መሰለኝ፣ ሳልጠይቀው ነገረኝ።

"አበልጄ፣ ባልሽ ያደረገውን ሳታውቂ አትዝፈኝ። ያኔ በጾሙ ማሲንቆውን ይዞ ለብቻው ሄደ። መጀመሪያ እነዚህ ዘንድ፣ ከዚያ እነዚያ ዘንድ። 'ግጥሙ የኔ ነው፣ እሷ ተቀባይ ናት' አላቸው። 'ቀንድ የሚስበው በቀንድ ዋንጫ ጠላውን የሚስበው ሠርገኛ ነው። ጭራ ሳቢው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ይኸው፣ የፈረስ ጭራ' ብሎ ማሲንቆውን አሳያቸው። 'እናንተ ስትጠጡ እኔ ስመታ ቡሬ ተራበ ነው ነገሩ። ጭራውን ለኔ ተውልኝ' አለ። ሽማግሎቹ ሳቁ። በቃ፣ ገባን አሉ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሲወጣ ልጆቹ መንገድ ላይ ጠበቁት። 'የትኛው ጣትህ ነው ማሲንቆውን የሚያናግረው?' አሉት።"

የየትኞቹ ልጆች እንደሆኑ አልነገረኝም። አልጠየቅኩትም።

ያን ቀን ባጃጅ አልነበረም። በዚሁ ደብተር ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ እኔም ሳውቅ ነው ምስር ሳበጥር የከረምኩት። ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር፣ ከነገረኝ ደግሞ እኔ ነኝ ያሰበርኩህ ማለት ሊኖርብኝ ነው። ፈራሁ። አፌ ለአገር አይፈራም፣ ለእሱ ግን ፈራ።

ዓይኔን ጠርጌ ወጣሁ። ዘፈንኩ። ያምሮትን አሞገስኳት፣ እናቷን በስሟ ጠራኋት፣ ሙሽራውን ትንሽ አሾፍኩበት። ስመኘው በሳተ ቁጥር ድምፄን ከፍ አድርጌ ሸፈንኩለት። ማንም አላወቀ። እኔና እሱ ብቻ ነን ያወቅነው።

ይኸኔ የያምሮት አያት አያ ይታገሱ ተነሡ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸውም እንደዚያው፤ በእጃቸው የያዙት ዋንጫ የቀንድ ነው። "አንች ልጅ!" አሉኝ። "ሰውን ሁሉ አወደስሽ። ይኸን እህል አርሶ ያገባልን ማን ሆነና ነው? በሬዬን አወድሽልኝ!"

"እሺ አያ፣ በሬዎን ማን ልበለው?"

"ቡሬ!"

አንዷለም ፊቱ አመድ መሰለ። ሽማግሎቹ በቀኝም በግራም ቀና አሉ። ቃሌ ትዝ አለኝ። "አያ፣ ሌላውን ላወድስልዎት?" አልኩ።

"ሌላ በሬ የለኝም!" አሉ ተቆጥተው። ከሴቶቹ በኩል ሳቅ አመለጠ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቡሬ ከዳሱ ኋላ ታስሯል፣ ሲያገሳ ይሰማል። እውነትም በሬያቸውን ነው። ወይም ደግሞ፣ እንጃ፣ የጎጃም ሽማግሌ ምን ማለቱ እንደሆነ ማን ያውቃል።

አፌ ተያዘ። በልጄ ሰርግ አፌን ከፍቼ ቆሜ ድምፅ አጣሁ። ከዚህ ይልቅ ቢቀብሩኝ ያልኩት ይኸን ነበር። ማሲንቆውም ቆመ።

ከዚያ አንድ ሰው "ተቀበይ!" አለ።

ድምፁን አላወቅኩትም። ሻካራ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። ግጥም የሚሰጠኝ እንግዳ መስሎኝ ወደ ሰዉ ዞርኩ። ሰዉ ሁሉ የሚያየው ከኔ ጎን ነው። ስመኘው ተነሥቶ ቆሟል። ማሲንቆውን ደረቱ ላይ አቅፏል፣ ያች ጣቱ ብቻዋን ቀጥ ብላለች።

"ተቀበይ!" አለኝ ደግሞ፣

ቀንዱንም ልቀቁት፣ ጭራውን ልቀቁት፣
ቡሬ አርሶ ያብላን፣ ሳርና ውኃ ስጡት።

አዝማሪ የተሰጠውን ይቀበላል። እምቢ ማለት የለም፤ ሥርዓቱ ነው። ሁሉም ወደ ሽማግሎቹ ዞረ። ያ ፀጉራቸው የሸበተው፣ ልጆቹ ትዕግሥት የላቸውም ያሉኝ ሰው፣ ጢማቸውን ጨብጠው ቆዩ። ከፊት ለፊታቸው ወደተቀመጡት ተመለከቱ። እነዚያም መልሰው ተመለከቷቸው። "ቃል አልፈረሰም" አሉ በመጨረሻ። "ግጥሟ ሌላ ናት፣ የወጣችውም ከሌላ አፍ ነው። ትቀበለው።"

ተቀበልኩ። የቡሬዋ ሴትዮ ትሰማኝ ይመስል እስከሚዘጋኝ ድረስ ተቀበልኩ። አያ ይታገሱ ዋንጫቸውን ይዘው አለቀሱ፤ "ሳርና ውኃ፣ ሳርና ውኃ" እያሉ ይደግማሉ። ስመኘው በቀሩት ጣቶቹ መታ፣ ሳተ፣ ግድም አላለው፤ እኔም አልሸፈንኩለትም።

ግጥሙ የኔ ነው፣ እሷ ተቀባይ ናት ያላቸው በጾሙ ውሸት ነበር። ጣቱን የከፈለበት ውሸት ነው። ትናንት በሰው ሁሉ ፊት እውነት አደረገው።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለውን ተረት ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት አልተርትም።

ስንመለስ መንገዱ ክፍት ነበር። ባጃጅ ውስጥ እጁን ይዤ፣ ያችን ጣት በመዳፌ ውስጥ አድርጌ፣ "ምን ነካህ?" አልኩት።

ማንኩሳን አለፍን።

"ወጥ" አለኝ።